ዝናብ ሲጥል የሚከፈት ቧንቧ

ጋሽ እሸቴ የመርከብ ሞተረኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ውቤ በረሃ፣ ግቢው ሁሉ አንድ ሽንት ቤት ወደሚጋራበት የእናታቸው ቤት ተመለሱ። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ሽንት ቤቱን የተደገፈ ነው፤ ሽታው ከማንም በፊት የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው።

ክረምት ገባ። ጉድጓዱ ሞላ። መጣጭ መኪና እንጥራ ቢባል ጎረቤቱ ሁሉ ነገ ነገ አለ። ከዚያ ትልቅ ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ሰው የጉድጓዱን ቧንቧ ወደ ቦዩ ይለቀው ጀመር። ጎርፉ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል፤ የሰፈሩ የቆየ ዘዴ ነው።

ጋሽ እሸቴ ግን ተቆጡ።

"መርከብ ላይ ይሄ ነውር ነው። ፍሳሽ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደብ ላይ ይራገፋል። ባሕር ውስጥ ያለውም ነፍስ ነው።"

ግቢው አፈረ። "ጋሼ ባሕሩን ይዘውብን መጡ" ብሎ የቀለደው ሙሄ ብቻ ነበር።

ጥርጣሬውም ሙሄ ላይ ወደቀ። ጎመን ነጋዴ ነው፤ ዝናብ እየወረደ፣ ገና ሳይነጋ በቦት ጫማ የሚወጣ ከሱ ሌላ የለም። በዚያው ወንዝ ከሚጠጣ እርሻ ያመጣውን ጎመን ለየቤቱ ያድላል። ጋሽ እሸቴ ብቻ "ቤቴ አይገባም" ብለው መለሱ። ሰው ቁጣቸውን አከበረ።

"የኔ ሰውዬ ምግብ ይመርጣሉ" አለች ባለቤታቸው ዓለምጸሃይ። "ዓሣም ባሕር ላይ ጠግበውት ነው መሰል፣ አይቀምሱም።"

የሙሄ ልጅ ሲሀም ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ፍሳሽ የነካው ነገር በልታለች አለ። ግቢው ተሰበሰበ።

"በገዛ ልጅህ ጨከንክ?" አሉት።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለ ሙሄ። ማንም አላመነውም። ግቢውን እንዲለቅ ተነገረው። ጋሽ እሸቴ ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥተው ቤታቸው ገቡ፤ አዝነውበት ነው ተባለ።

የነሙሄ ጓዝ በተጫነበት ቀን ሚስቱ ነጂባ ቂም ይዞ መለያየት ደግ አይደለም ብላ፣ ጎመን ሠርታ ጎረቤቱን በየተራ አጎረሰች። ሁሉም አቀርቅሮ ጎረሰ። በመጨረሻ ጋሽ እሸቴ ፊት ቆመች።

"አባቴ፣ ሲሀም እንድትድንልኝ መርቀው ይጉረሱልኝ።"

ጉርሻ አይመለስም። ጋሽ እሸቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

"ልጄ፣ እኔ በለቀቅሁት ፍሳሽ የበቀለ አይወርድልኝም፤ ዓሣንም ያስተወኝ ይኸው ነው።"