የጠርዙ ውጤት

የሺአረግ ሰዎቿ እየዋሿት እንደሆነ የገባት ጡቷ በተቆረጠ በአምስተኛው ቀን ነው።

ለነገሩ መደበቁን የጀመረችው ራሷ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች የዘንዘልማን ሠፈር ሰው ሁሉ ስትመክር የኖረች ሴት፣ ግራ ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ከሎሚ ተነሥቶ ብርቱካን እስኪያክል ከባሏ ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ደበቀች። ሠፈር ያለው ክሊኒክ መግል ይሆናል ብሎ ኪኒን ሰጣት። ኪኒኑ አለቀ፤ እብጠቱ ግን ማደጉን ቀጠለ።

ሆስፒታል ስትሄድ ዶክተር ወንጌላዊት ወፈር ባለ መርፌ ሥጋ ወስዳ አስመረመረች። የተለመደው የጡት ካንሰር አይደለም አለቻት። ሳርኮማ ይባላል፤ ከመቶ የጡት ካንሰር አንዱን እንኳ አይሞላም። በደም ወደ ሳንባ መሄድ ስለሚወድ ደረቷን ራጅ አስነሷት፤ ሳንባዋ ደኅና ነው። ዋናው መድኃኒት ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር አስፍቶ ማውጣት ነው። የወጣው ሥጋ ጠርዝ ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ተስፋዋ ትልቅ ነው፤ ካልሆነ ግን ነገሩ ይከፋል።

ቀዶ ጥገናው ተሠራ፤ የጠርዙን ውጤት መጠበቅ ተጀመረ።

በሦስተኛው ቀን መሪጌታ ጢስ ዓባይ ያሉት እናቴ አሟቸው ብለው ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ ድምፃቸው ተዘግቶ ተመለሱ፤ ብርድ ነው አሉ። እህቷ ወለተ ኪዳን የስልክሽን መስታወት ላሠራልሽ ብላ ስልኳን ወሰደች፤ አልመለሰችውም። ጠያቂ በዛ። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጨዋታ የለም፤ ኮሪደር ላይ ሲደርስ ይንሾካሾካል።

አንድ ቀን የተኛች መስሏቸው ዶክተሯ ለመሪጌታ «የቁስሏ ክር ሳይወጣ አይንገሯት» ስትል ሰማች።

የሺአረግ ተቃጠለች። ከሞቱ ይልቅ ክህደቱ አንገበገባት። በቁርባን ያገባት ሰው ሞቷን ለሐኪሟ፣ ለእህቷና ለጎረቤት አካፍሎ ለራሷ ግን ነፈጋት።

«መሪጌታ፣ ውጤቴ መጥቷል አይደል?» አለቻቸው።

«አልመጣም፣ የሺ።» ዓይኗን አላዩም።

«እሺ። ለአምሐ ግን እንዳይነግሩት ይማሉልኝ። መታመሜን ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።»

አምሐ መተማ በኩል መንገድ ቅየሳ ላይ የሚሠራ አንድ ልጃቸው ነው። መሪጌታ ሳይምሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወጣች። የሺአረግም በዚህ የራሷን ሞት አረጋገጠች፤ ከዚያ ወዲያ ከባሏ ጋር መነጋገር ተወች። ምግብ ሲያቀርቡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ክሩ ወጣ። ውጤቱም ያን ዕለት መጣ። ዶክተር ወንጌላዊት ወረቀቱን ሰጠቻት፤ ጠርዙ በየአቅጣጫው ንጹሕ ነው፣ በየሦስት ወሩ ክትትል ብቻ ይበቃል። የሺአረግ አላመነችም። ባሏን ሆስፒታሉ በር ላይ ትታ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ፔዳ ግቢ ሄደች፤ ከነሱ ማንንም የማያውቅ የሕክምና መምህር ፈልጋ አስነበበችው። ያንኑ ነገራት።

መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። አንድም ቀን አልዋሿትም ማለት ነው። ያን ጨዋ ሰው ስታንገላታው ሰነበተች፤ አፈረች።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ንስሐ አባቷ፣ ወለተ ኪዳንና የጢስ ዓባይ ዘመዶች ተከታትለው ገቡ። መዳኗን ሰምተው የመጡ መሰላት። ወንበር አቀረበች፤ ከዚያ በሁሉም ፊት ወደ ባሏ ዞረች።

«ያለ ጥፋታችሁ ጠርጥሬያችኋለሁ፣ መሪጌታ። ሳትዋሹኝ ዋሻችሁኝ ብያለሁ። ይቅር በሉኝ» አለች።

«ዋሽተንሻል፣ የሺ» አሉ መሪጌታ፤ «አምሐን ከቀበርነው ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው።»