መነጽርህን አታውልቅ

«ኧረ አይሹት!» አልኩና እጁን ያዝኩት። ቀኝ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንባው እስከ አገጩ ይወርዳል። ሕንዳዊው ሐኪም ጎንበስ ብሎ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ ቀስ በል፣ እያለ ዓይኑ ላይ የተለጠፈውን ሌንስ በጣቱ ጫፍ ለቅሞ አወጣው።

ሰውየውን የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ወንድም ሀብተወልድ ይባላል። ናይሮቢ ከገባ ብዙ አልሆነውም፤ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ከስደተኞች ጋር ተዳብሎ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ከኋላ ይቀመጥና ዓይኑን ጨፍኖ ይዘምራል። እንግሊዝኛ ስለማይሆንለት ሐኪሙ የሚለውን የምተረጉምለት እኔ ነኝ። ፓርክላንድስ ባለው በዚህ የዓይን ክሊኒክ ሌንስ ለሚያደርጉ ሰዎች አጠባበቁን የማሳየውም እኔው ነኝ።

«አስካለ፣ ተኝቶበታል ወይ በይው» አለኝ ሐኪሙ።

«ሌንሱን ሳያወልቁ ነው የሚተኙት?»

«አዎ።»

«በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በቧንቧ ውሃ። ሳይመቸኝ ሲቀር በምራቄ።»

«ሌንሱን በገዙበት ቦታ በመድኃኒቱ ብቻ እንዲያጥቡት፣ ማታ እንዲያወልቁት አልተነገረዎትም?»

«ተነግሮኛል። ግን እህቴ፣ የምንተኛው ለብዙ ነው። በመነጽር እንዲያዩኝ አልፈልግም።»

ኩራት መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ሐኪሙ የግራውንም አወጣና የድሮ መነጽሩን ይዞ እንደሆነ ጠየቀ። ያለሱ በሩን እንኳ እንደማያገኘው ስነግረው፣ እያመነታ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ጥቁር ወፍራም መነጽር አወጣ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ ወደ መብራቱ አንስቶ አየው፤ አደረገው።

አወቅኩት።

አዲስ አበባ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ወንድሜ ረታ የታሰረበት ቀበሌ በር ላይ ምሳውን ይዤ ቆሜ ነበር። ይኸው ሰው ወጣ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ከነገ ጀምሮ ምግብ አታምጪ» አለኝ። ያ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሳህኑን እንደሞላ ይዤ ስገባ እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም።

ለካ ኩራት አይደለም። ሌንሱን ሲተኛም የማያወልቀው መደበቂያው ስለሆነ ነው።

«ብሌኑ ቆስሏል» አለ ሐኪሙ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። እስኪድን ድረስ ሌንስ የሚባል ነገር እንዳይነካ። መልሶ ካደረገው ዓይኑ ይጠፋል። በደንብ ንገሪው።» ሊደውል ወደ ቢሮው ገባ።

«ምን አለሽ?» አለኝ ሀብተወልድ። «ለእሑድ ላድርገው? እሑድ ሰው ይበዛል።»

አንዲት ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ያድርጉት። ከዚያ ወዲያ እኔ ምንም መሥራት አይጠበቅብኝም፤ በገዛ ጣቱ ይጨርሰዋል። ቃሏን አፌ ውስጥ አቆየኋት፤ ጣፈጠችኝ። ግን ወዲያው ታውሮ ታየኝ፤ ምእመናኑ እጁን ይዘው ሲመሩት፣ ሲጸልዩለት፣ ሴቶቹ ሾርባ ሲያመላልሱለት። ሊታዘንለት!

«እንዳታደርገው» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፍቷል። «ካደረግከው ትታወራለህ። ሆስፒታልም፣ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም በመነጽር ነው የምትሄደው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሌላ ዓይነት ፍሬም አትፈልጊልኝም? ቀለል ያለ?»

«የረታ እህት ነኝ» አልኩት። «ቀበሌ በር ላይ፣ ምግብ አታምጪ ያልከኝ።»

ፊቱ ነጣ። ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ ለማስታወስ ሞከረ። ከልቡ ነበር የሞከረው።

«የቱ ረታ?» አለኝ።

ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና በሩን ከፈትኩት። ውጭ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል፣ እትዬ ጌጤ ተቀምጠዋል። የአዲስ አበባ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ከረታ ጋር ታስሮ ከረታ ጋር ቀርቷል። ለመጽሐፍ ቅዱስ ማንበቢያ መነጽር ሊለኩ ነበር የመጡት።

«እትዬ ጌጤ» አልኩ፣ «እስቲ ይህን ሰው ይመልከቱልኝ።»

የሀብተወልድ እጅ ወደ ፊቱ ተነሳ። አንጓውን ያዝኩት።

«መነጽርህን አታውልቅ።»

እትዬ ጌጤ እየሳቁ ሰላም ሊሉት ተነሱ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ሳቃቸው ቆመ። ተጠግተው፣ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ አንጋጠው፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደ መንገድ ጠያቂ በዝግታ ነበር የተናገሩት።

«ልጄን የት ቀበርከው?»

ከወፍራሙ መስታወት ኋላ ዓይኖቹ ጥቃቅን ሆነው ይታያሉ። ቀኙ ያለማቋረጥ ያነባል፤ ከቁስሉ ነው። ግራው ደረቅ ነበር።