የደጎሎው ግራፊክስ ካርድ

መካነ ሰላም ውስጥ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር መገጣጠም የሚያውቀው ኒቆዲሞስ ብቻ ነው። ደንበኞቹን ግን አንዳቸውንም ከሰው አይቆጥርም። ዛሬ ተራው የዲያቆን ላቀው ሆነ፤ ለኮምፒውተሩ ከደጎሎ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ መጥቷል።

«ይሄንንም ካርድ ብለህ ገዛህ? ወላሂ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዕጣን ጽና ብትገጥምበት ይሻልህ ነበር!»

«ለማንኛውም ይሞከር፣ ጋሼ» አለ ላቀው ነጠላውን እየነካካ።

ኒቆዲሞስ እያፌዘ ገጠመው። ካርዱ ሠራ፤ ጌሙም ተከፈተ። ከስፒከሩ የወጣው ግን ተኩስ ሳይሆን የካህናት ዜማ ነበር።

«ፍትሐት እኮ ነው» አለ ላቀው ግራ ገብቶት። «ሟቹን ወልደ ኪሮስ ይሉታል።»

የኒቆዲሞስ ፌዝ አፉ ላይ ቀረ። ወልደ ኪሮስ የራሱ የክርስትና ስም ነው፤ እናቱ ካረፈች ወዲህ ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቀው የለም።

«የማንም ውዳቂ!» ብሎ የኮምፒውተሩንም የስፒከሩንም ገመድ ከሶኬቱ መነጨቀው። ስክሪኑ ጨለመ፤ የካርዱ ማራገቢያም ቆመ።

ዜማው ግን ስሙን ደግሞ ጠራ። ላቀውም እንደ ልማዱ፣ ሳያስበው፣ ነጠላውን አጣፍቶ ዜማውን ተቀበለ።