ጫማሽን አውልቂ

በእኛ ዘመን ሊሾ ሳይደርቅ የሰማውን አይረሳም፤ ዝናብ በነካው ቁጥር መልሶ ይናገራል። ስለዚህ ሰው ግቢውን ሊሾ ሲያስደርግ አፉን ይዘጋል። እናቴ ግን አፏን የምትዘጋ ሴት አልነበረችም። ከሞተች በኋላም ክረምት በገባ ቁጥር ከደጃችን ላይ "ጫማሽን አውልቂ!" እያለች ትጮህብኝ ነበር።

የአባቴ አዲስ ሚስት፣ እትዬ አስካለ፣ ያን ድምፅ ጠሉት።

"ሊሾው ተሰነጣጥቋል፤ ይፍረስ!"

"የእርስዎም ፊት ተሰነጣጥቋል፤ ማን አፈረሰው?" አልኳቸው። አባቴ መሬት መሬቱን አየ።

ነገሩን የጨረሱት ግንበኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። "የሱሉልታ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እሱ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ካልተሞላ የሚቆይ ሊሾ የለም" አሉ።

እናቴን በመዶሻ ሰባብረው በጋሪ አወጧት።

አዲሱ ከመፍሰሱ በፊት እትዬ አስካለ "ትንፍሽ ብትይ ውርድ ከራሴ!" ብለው ዛቱብኝ። ከዚያ በባለተረከዝ ጫማቸው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይዞሩኝ ጀመር። ጋሽ ደምሴ አለስልሰው ሲጨርሱ ጠርዙ ላይ ተንበረከክሁና የእናቴን ድምፅ አስመስዬ ጮህኩ፦

"ጫማሽን አውልቂ!"

እትዬ አስካለ በጥፊ አጮሉኝ። ሊሾው ጥፊውንም ሰማ።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት እትዬ አስካለ እህቶቻቸውን አስከትለው ከለቅሶ ተመለሱ። ደጁ "ጫማሽን አውልቂ!" አለ። ወዲያው ጥፊው ጧ! አለ። እህትማማቾቹ ተያዩ።

ድምፁ የእናቴን አይመስልም፤ የእኔው ነው። ያም ሆኖ እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን አወለቁ።