ከጣቢያው ሰዓት ሥር

ኦርኔላ ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት የጀርባ ቦርሳዋን አንግታ ባቡር ተሳፈረች። ጓደኛዋ ጊዮማር አብራት ነበረች። አንደኛዋ ከጣሊያን፣ ሌላዋ ከፖርቱጋል መጥተው ቤልጂየም ውስጥ ጌንት ከተማ አንድ ዓመት ሲማሩ አንድ ማብሰያ ቤት ተጋርተዋል። አሁን ኪሳቸው ውስጥ አውሮፓን የሚያስዞር የባቡር ትኬት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ዳቦና አይብ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ገና በየሰዉ ኪስ አልገባም። ይህ ለእናቶቻቸው ጭንቀት፣ ለእነሱ ግን ሠርግና ምላሽ ነበር።

ጊዮማር ገና ከመነሻው ነገር ትፈልጋት ጀመር። ኦርኔላ የሰውን ከተማ ሁሉ የምትጠራው እናቷ በጣሊያንኛ በምትጠራበት ስም ነው። ሎንዶን ለእሷ ሎንድራ ናት፤ ሙኒክ ሞናኮ፣ ፓሪስ ፓሪጂ፤ ዓመት ሙሉ የኖረችባት ጌንት እንኳ ጋንድ። ሲያርሟት ይብስባታል። የጣሊያኗ ፓዶቫ ልጅ አይደለች እንዴ፤ ዓለም ሁሉ የጎረቤት ግቢ ይመስላታል።

ቀጥሎ ወሬው ወደ ዋውት ዞረ። ዋውት አብሯቸው የሚማር የጌንት ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ከከተማው ዳር አክስቱ ቤት የሚኖር፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ። ዓመቱን ሙሉ የኦርኔላን ብስክሌት ሲጠግን ከረመ። ብስክሌቷ ምንም አልነበረባትም። ከጥገና ያለፈ ቃል ግን ከሁለቱም አልወጣም። ኦርኔላ ሌላ አንድ ዓመት ጌንት እንድትማር ተፈቅዶላታል፤ እናቷ በበኩሏ ፓዶቫ ላይ አልጋዋን አንጥፋ ትጠብቃታለች። ምን እንደምትመርጥ ራሷም አታውቅም ነበር።

«መንገድ ላይ ና ብዬ እጠራዋለሁ» አለች ኦርኔላ። «ከመጣ አብሬው ወደ ሰሜን እመለሳለሁ። ካልመጣ በዚያው ወደ ደቡብ፣ ወደ እናቴ።»

«ካልመጣ እኔ ነኝ ጆሮውን የማቀላው» አለች ጊዮማር።

ኦርኔላ ለመገናኛ ሙኒክን የመረጠችው ለዚሁ ነበር። ከዚያ ባቡሩ ወደ ሁለቱም አገር ይሄዳል።

ፕራግ ላይ ጊዮማር ድልድይ ላይ አኮርዲዮን ከሚጫወቱ ሽማግሌ ጋር ስትደንስ ጫማዋ ወንዝ ገባ። ሽማግሌው ከሳቃቸው የተነሳ ዜማው ጠፋባቸው። ጊዮማር በአንድ ጫማ እያነከሰች ሁለቱም የስልክ ሳጥን ድረስ ሄዱና ኦርኔላ ለዋውት ልትደውል ገብታ በሩን ዘጋች። ጊዮማር ውጭ ቆማ ቋሊማ ትበላ ነበር።

ኦርኔላና ዋውት የሚያወሩት ግማሹን በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በየራሳቸው ቋንቋ ነው። የጎደለውን ዓመቱን ሙሉ በእጃቸው ሲሞሉ ኖረዋል፤ በስልክ ግን እጅ አይታይም። ከተማውን እንደ ልማዷ ጠርታ ነገረችው፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ ባቡር ጣቢያው፣ ከሰዓቱ ሥር አለችው።

«እዚያ ድረስ?» አለ ዋውት። «የሀብታሞች አገር አይደል እንዴ? ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ልልበስ?»

«የፈለግከውን ልበስ። ብቻ ና።»

«እንግዲያው የዋና ቁምጣዬንም እይዛለሁ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የምነግርሽ ነገር አለ። በስልክ አይሆንም።»

ኦርኔላ ከሳጥኑ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። የጊዮማርን ቋሊማ ነጥቃ ጎረሰች።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ የሠርግ ቤት ሆነባት። ቪየና ላይ ከኋላ ቆመው ኦፔራ ሲያዩ፣ ወፍራሙ ዘፋኝ በፍቅር ሲሞት ሳቃቸው አመለጣቸውና ተባረሩ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስኪያማቸው ሳቁ። ጊዮማር ብቻ አልፎ አልፎ ክፉ ክፉውን ታስብ ነበር።

«የዋና ቁምጣ ምን ያደርግለታል?» አለች። «እያሾፈብሽ ነው፣ አንቺ ሞኝ።»

«እዚያም እኮ ወንዝ አለ» አለች ኦርኔላ።

ቅዳሜ ሙኒክ ጣቢያ ገና በጠዋት ደረሱ። ኦርኔላ ፀጉሯን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ታጥባ፣ የጊዮማርን ቀይ ቀሚስ ተውሳ ከሰዓቱ ሥር ቆመች። ከጌንት በኩል የሚመጣው ባቡር ገባ። ረጅም ሰው ሁሉ ዋውትን መሰላት። እኩለ ቀን አለፈ፤ ሌላ ባቡር ገባ፤ ዋውት ከእሱም አልወረደም።

«የጌንት ሰው ደግሞ ሰዓት አያዛንፍም» አለች ጊዮማር። ይህን ባትል ይሻል ነበር።

ኦርኔላ ወደ ዋውት ቤት ደወለች። አክስቱ አነሱት። ፈረንሳይኛ እምብዛም አይችሉም፤ ጨዋታ ግን ይወዳሉ። ዋውት የለም አሏት። ትናንት ተኳኩሎ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ እየዘፈነ ወጣ። ወዴት ብላ ስትጠይቃቸው ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ወደ ባሕር» አሉ አክስቱ። «አንዲት ቆንጆ ልጅ ጋር። ማንም እንዳይሰማ፣ ልጄ።»

ኦርኔላ ስልኩን ቀስ ብላ ሰቀለች። የሰማችውንም ለጊዮማር ነገረቻት። ጊዮማር ስለ ወንዶች፣ ስለ ብስክሌት ጠጋኞችና ስለ ቀላ ጆሮ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ በፖርቱጋልኛ ጨረሰችው። ኦርኔላ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ስድቡ አሳቃት፤ በመጨረሻ እየሳቀችም እያለቀሰችም ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር ላይ ወጣች። ከእንግዲህ ጌንትን በጋንድም ሆነ በጌንት ስም ላልጠራ ብላ በመስኮት ማለች። ጊዮማር ባቡሩ ከዓይኗ እስኪሰወር እጇን ስታውለበልብ ቆየች።

በዚያው ሰዓት፣ ከፈረንሳይ ጎን ባለችው የሀብታሞች አገር በሞናኮ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ ባሕሩ ከታች እያብረቀረቀ፣ ዋውት አበባ የሸጠችለትን ሴትዮ «ጣሊያናዊት ናት፤ እነሱ መቼም ማርፈድ ይወዳሉ፤ ትመጣለች» ይላት ነበር።