የተከሰሰው ጸሎት

ናታን እማማ ፀጋነሽን የከሰሳቸው በጸለዩት ጸሎት ነው። ሰደቡኝ አላለም፣ አሙኝም አላለም፤ ጸለዩብኝ አለ። እንጅባራ ላይ እንዲህ ያለ ክስ ሰምቶ የሚያውቅ ስላልነበረ በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ።

ናታን ሚኒባስ አለው። ጠዋትና ማታ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ሕፃናትን ያመላልሳል፤ በመሃሉ ከእንጅባራ ዳንግላ ይሠራል። እማማ ፀጋነሽ ደግሞ በማሽን የልጆች ሹራብ እየሠሩ የሚሸጡ መበለት ናቸው። በእንጅባራ ብርድ ሹራብ ገበያ አጥቶ አያውቅም።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በእማማ ፀጋነሽ ቤት የጸሎት ኅብረት ይሰበሰባል። ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለእርሳቸው ይነግራቸዋል፤ እርሳቸው የጸሎት ርዕስ አድርገው በኅብረቱ ፊት ያቀርቡታል። ርዕሱን ማን እንዳመጣው ግን አይናገሩም፤ የቤቱ ደንብ ነው። ማንም ያልደነገገው ሌላ ደንብም አለ፤ ዐይን ተጨፍኖ የተባለ ነገር ሐሜት አይባልም።

አንድ ረቡዕ እማማ ፀጋነሽ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ "ጌታ ሆይ፣ ልጅህን ናታንን ከአረቄ አውጣው፤ ሕፃናት ይዞ ነው የሚነዳው" ብለው ጸለዩ። ሁሉም "አሜን" አለ። ከሁሉም ጠንከር አድርጎ አሜን ያለው አንዳርጋቸው የሚባል ሰው ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው።

በማግስቱ የናታን ኮንትራት ተቋረጠ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መናኸሪያ ገባ፤ ዳንግላ ደርሶ የጋሪ ነጂዎች መሳቂያ ሆነ። ተሳፋሪው በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ የሾፌሩን ፊት አይቶ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። ናታን ባዶ መኪና ይዞ ይመለስ ጀመር።

ሰውን ሁሉ ያሳዘነው ግን ሌላ ነው። ናታን ከአዘና ለትምህርት ሲመጣ ያስጠጉት እማማ ፀጋነሽ ናቸው። አብልተው አስተማሩት፤ በሠርጉም በእናቱ ቦታ ቆሙለት። "ባዳ ቢሆን ባልከፋኝ" ይል ነበር ናታን። "እናቴ ናት ያልኳት ሴት ሸጠችኝ።" እውነትም ያንገበግባል። የሰማው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠለት።

የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ሊያስታርቁ ሞከሩ። እማማ ፀጋነሽ፣ "በሰው ፊት መጸለዬ ጥፋት ነው፤ ለብቻዬ መጸለይ ነበረብኝ፤ ይቅር ይበለኝ" አሉ። ናታን እምቢ አለ። "በሰው ፊት ያረከሰችኝን በሰው ፊት ትመልስ። ጸሎቱ ሐሰት ነበር ትበል።"

"ለእግዚአብሔር የነገርኩትን ሐሰት ነው አልልም" አሉ እርሳቸው። ሰውም፣ አይ የአሮጊት ግትርነት፣ አለ።

የናታን ሚስት ቤተል በአንድ ነገር ብቻ ትጎተጉተው ነበር። "መቼም ከራሳቸው አላመነጩትም። የነገራቸው ሰው ማን ነው? እሱን አስጠይቅ።"

"ምን ያደርግልሻል?" ይላል ናታን። "የተናገረችው እሷ ናት። ሌላውን ተይው።"

ቤተል ባሏ ሆደ ሰፊ ነው ብላ የበለጠ አዘነችለት።

በችሎቱ ቀን ናታን ከአፉ የማይለየውን ማስቲካ ለዳኛዋ ክብር ሲል ወደ አንድ ጉንጩ ሰብስቦ ቀረበ። አንዳርጋቸው ረቡዕ ዕለት የሰማውን መሰከረ። ከዚያ የእማማ ፀጋነሽ ተራ ሆነ።

"ይህን ብለዋል?" አለች ዳኛዋ።

"ብያለሁ። የነገርኩት ግን ለእግዚአብሔር ነው።"

"እርሱ ብቻ ቢሰማ ኖሮ እዚህ ባልተገናኘን። አቶ አንዳርጋቸውም ሰምተዋል።"

ችሎቱ ሳቀ።

"ልጎዳው ብዬ አይደለም፣ ልጄ።"

"ሕጉ ለመጉዳት ማሰብዎን አይጠይቅም። የተናገሩት እውነት ከሆነ ግን ያስረዱ። ማን ነገረዎት?"

እማማ ፀጋነሽ ቀና ብለው ወደ ናታን ተመለከቱ። ናታን ጫማውን ያያል።

"እኔ አልናገርም። የነገረኝ ሰው ከፈለገ ራሱ ይናገር።"

"ዝም ካሉ ይፈረድብዎታል።"

"ይፈረድብኝ። አምኖኝ የመጣን ሰው አሳልፌ አልሰጥም።"

"ናታንን አሳልፈው ሰጥተው የለም እንዴ!" አለ አንዱ ከኋላ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች።

ፍርዱ ብዙ አልዘገየም። የተነገረው ነገር እውነት መሆኑ አልተረጋገጠም ተባለ። እማማ ፀጋነሽ ለናታን የቀረበትን የኮንትራት ገቢ ይክፈሉ፤ ለሞራል ጉዳቱ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደውን አንድ ሺህ ብር ይጨምሩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ሕጉ ግን በሺህ ብር ተምኖታል። የገቢው ካሳ ነው ከባዱ። ለእርሱ እማማ ፀጋነሽ ያለቻቸው አንዲት የሹራብ ማሽን ናት፤ እሷኑ ይሸጧታል።

ግቢው ውስጥ ሰው ናታንን ከቦ እንኳን ደስ ያለህ አለው። አንዳርጋቸው ሁለት እጁን ይዞ ይቅርታ ጠየቀውና ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን እንዲያመላልስ ለመነው። ወላጆቹም እንደማይቃወሙ ነገረው። ቤተል ባጃጅ ልትጠራ ወደ አስፋልቱ ሮጠች።

እማማ ፀጋነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰዉን አልፈው ወደ ናታን መጡ። ሊረግሙት ነው ብሎ ሰው ሁሉ ገለል አለ። እርሳቸው ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ናታንዬ፣ ያን ቀን እግሬ ላይ ወድቀህ 'እማማ፣ መተው አቃተኝ፣ በጸሎት ያዙልኝ' ያልከኝን ነገር፣ ልቀጥልበት ወይስ ልተወው?"