የእዩኤል እርም

ምንያህል ወንድሙ ከጠፋ ሦስት ዓመት ቢሞላውም ገና አላለቀሰም ነበር። ልቡ ደንዝዟል። አሶሳ ላይ ያስተምራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ በበርታዎች አፍ የሚገኙትን የዐረብኛ ቃላት ሥራቸውን እየቆፈረ በካርድ ይጽፋል። ደመወዝ የማይጨምር ሥራ ነው፤ ግን ራስን ያስረሳል።

ነገሩ የጀመረው ባምባሲ ነው፣ እናቱ ወለተሥላሴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥታ በሰፈረችበት መንደር። ታናሽ ወንድሙ እዩኤል ከጎረቤታቸው ከሞላ ወንድም ጋር በእርሻ ድንበር ተጣላ፤ ዱላ ተማዘዙ፤ የሞላ ወንድም በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሽማግሌ ቢላክ ሞላ እርቅ አልሰማም አለ። በሳምንቱ እዩኤል ለቀን ሥራ ጉባ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ጉባ አልደረሰም።

ፖሊስ ሞላን ሁለት ቀን አስሮ ጠየቀው፤ ምንም ስላልተገኘበት ለቀቀው። መንደሩ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ሞላም ጥርጣሬውን ለማራቅ አልሞከረም። ገበያ ላይ ምንያህልን ባገኘው ቁጥር ፊቱን ትክ ብሎ እያየ «ከእዩኤል ወሬ አለ?» ይለዋል። ምንያህል የሰውየው ድርቅና ይገርመዋል። መናደድ ነበረበት፤ ንዴቱም አልመጣለት አለ።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእዩኤል እርም እንዲወጣ። አስከሬን ባይኖርም ልብሱና ፎቶው ይዘረጋል፣ ድንኳን ይጣላል፣ አገር ያለቅሳል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል። ምናልባት በዚያ መሃል እሱም ያለቅስ ይሆናል። እናቱ ግን አሻፈረኝ አለች።

«ቃሉ ራሱ ያስፈራኛል። ከአፌ አላወጣውም» ትላለች።

ጎረቤቶቿ ምስኪን፣ ተስፋ አልቆረጠችም እያሉ ከንፈር ይመጥጡላታል። በየወሩ በርበሬ ሊገዛት ከሚመጣው ከሐመድ በቀር ከማንም ጋር ረጅም ወሬ አትይዝም። ሐመድ የአሶሳ በርታ ነጋዴ ነው፤ በርበሬውን ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ወስዶ ይሸጣል። ወለተሥላሴም ለመንገዱ ብላ በሶ ትቋጥርለታለች። ምንያህል ሐመድ በሶ ሲቀምስ አይቶት አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ምንያህል ሐ፣ ረ፣ መ የሚል ካርድ ይዞ ሐመድ ሱቅ ገባ።

«ሐራም አትንካ ማለት ነው» አለ ሐመድ ሳሙና እየደረደረ። «አሳማ ሐራም ነው፣ አትንካ። የሰው ዕቃ ሐራም ነው፤ እሱን የነካ ሐራሚ ነው፣ ሌባ። የሰው ሚስት ሑርማ ይባላል፤ እሱንም አትንካ።»

«መካ ከተማስ፣ ጋሽ ሐመድ?»

«መካ ሐረም ነው። ቅዱስ ነው። እዚያ ደም የለም፣ አደን የለም። ጠላት እዚያ ገባ፣ ተወው።» ሳሙናውን አስቀመጠ። «እናት ደህና ነው?»

ምንያህል ሁሉንም ጻፈ። ከግርጌው የግዕዙን ሐረመ፣ ከዚያ የወረደውን የአማርኛ እርም ጨመረበት። ርኩሱም ቅዱሱም፣ ሚስቷም ሌባውም፣ የቀረ ሰው ለቅሶም አንድ ዘር ሆነው ተገኙ። ሌላ መምህር ቢሆን እንዲህ ያለ ካርድ ይዞ ይጨፍር ነበር። እሱ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ ባምባሲ ሄዶ ለእናቱ አነበበላት። በርበሬ እየቀነጠሰች ሰማችው።

«መጥፎ ቃል ብቻ አይደለም፣ እማዬ። የተከለለ፣ የማይነካ ማለትም ነው።»

«እስቲ ያንን የመካውን ድገምልኝ።»

ደገመላት።

«ደመኛው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቢጠብቀውስ?»

«ቢጠብቅም አይነካውም። እርም ነው።»

ወለተሥላሴ እጇን ከበርበሬው አነሣች። «ለሳምንት እሁድ ድንኳን አስጥል» አለች። «ሞላም ይጠራ።»

«ሞላ? ምን ሊያደርግ?»

«ጎረቤት አይደል? ይጠራ።»

ምንያህል አልተከራከራትም። ሦስት ዓመት የጠበቀውን እሺታ አግኝቷል።

እሁድ የእድሩ ድንኳን ተጣለ። የእዩኤል ሸሚዝና ፎቶ አልጋ ላይ ተዘረጋ። አልቃሿ ስሙን ስትጠራ የምንያህል ደረት ተከፈተ። ሸሚዙ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ ሦስት ሰው ነው ያነሣው። አላፈረም። ወንድሙን እንደሚወደው ያን ቀን ገና አወቀ፤ አመመው፣ ሕመሙም ደስ አለው።

ወለተሥላሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ዓይኗ የድንኳኑ በር ላይ ነበር።

ሞላ ረፋዱ ላይ መጣ። ፎቶውን አየ። ያበጠውን የምንያህልን ፊት ደግሞ ከፎቶው አብልጦ አየው። ከዚያ ተቀመጠ። የሰጡትን ንፍሮ በመዳፉ ይዞ ሲያንከባልለው ቆየና በላው።

«ከዚህ ቤት ጋር ነገሬ አልቋል» አለ። «እናንተም አዘናችሁ፣ እኛም አዘንን።»

ገድለህ ስታበቃ፣ አለ ምንያህል በሆዱ። ግን ለቅሶው ጉልበቱን ጨርሶበት ስለነበር ሰውየውን መጥላቱ ከበደው። ሞላ ሲወጣ በሩን አሳለፈው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበተን ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ዞረ። እናቱና ሐመድ ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል።

«ኩርሙክ ስትደርስ ለእዩኤል ንገረው» አለችው እናቱ፤ «ሞላ ንፍሮውን በልቷል፤ ምንያህልም ከልቡ ነው ያለቀሰው።»